የጥርስ ሕመሜና የገዳሪፍ ጎርፍ

ጎርፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ በሰፈር የሚያልፍና በቴሌቪዥን የሚያልፍ። የሰፈሩ ጭቃውን ብቻ ይዞ ይመጣል። የቴሌቪዥኑ ግን አጃቢው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ እንድናምን ከረባት ያሰረ አዋቂ ይቀርባል፣ ቀጥሎ እንድንደነግጥ ቁጥር ይደረደራል፣ በመጨረሻም ዋሽንት ይለቀቅና እንድናለቅስ አንድ ምስኪን ይታያል። ይህ ምስኪን ከየት እንደሚገኝ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልጠይቅም። እኔው ነበርኩ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ሱቅ ነበረኝ። በዚያ ክረምት ውሃው ሰፈራችን ሲገባ ከኔ የነካው ሁለት ጆንያ ስኳር ብቻ ነው። የጎረቤቴ የሐዋ የጭቃ ቤት ግን ተደረመሰ። ሐዋ ከመተማ በኩል የመጣች፣ ከሽምብራ ጣዕሚያ እየጠበሰች ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ልጆቿ በደህና ስለወጡላት ፍርስራሹ ላይ ቆማ አልሐምዱሊላህ እያለች ትስቃለች። እኔ ደግሞ ጥርሴ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አድሮ፣ ደጅ በወጣ ገመድ አልጋ ላይ ጉንጬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ካሜራው መጣ፤ የምትስቀዋን አልፎ ጉንጩን የያዘውን ቀረጸ።

ማምሻውን እዚያው ሱቄ ውስጥ፣ በሸቀጤ መካከል ሆኜ ራሴን በቴሌቪዥን አየሁት። ዋሽንቱ ያላዝናል፤ እኔ "ሁሉን ያጣ ሰው" ተብያለሁ።

ብዙም ሳይቆይ የእርዳታ ሰዎች ድንኳን ጭነው "ያ ሰውዬ የታለ?" እያሉ መጡ። ቤቱ የፈረሰው የሷ ነው ብዬ ወደ ሐዋ ወሰድኳቸው። እሷ እቴ፣ ፈገግ ብላ ለኃላፊው ትኩስ ጣዕሚያ ዘረጋችለት። ሰውዬው ደህና ትመስላለች ብሎ ፊቱን አዞረ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብለውናል አባቶች፤ ካላለቀሱ ድንኳን እንደሚቀር ግን አልነገሩንም። ጠጋ ብዬ፣ ለአንድ አፍታ እጅሽን ጉንጭሽ ላይ አድርጊ አልኳት።

"ልጆቼ በሕይወት እያሉ፣ ወንድሜ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "ለድንኳን ብዬ አላሟርትባቸውም።"

እናንተዬ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እጅህን ከጉንጭህ አውርድ እየተባልኩ ያደግኩ ሰው፣ ሟርቱን ለእናት አስተማርኩ።

ድንኳኑን በስሜ ተቀብዬ በሷ ግቢ ተከልኩት። ነገሩ አለቀ ስል ፎቶ አንሺ ተላከ፤ ለጋሾቹ ተረጂውን ማየት ይፈልጋሉ አሉ። ድንኳኑ የሷ ነው ስለው፣ ስሙ ያንተ ነው ብሎ ከድንኳኑ ፊት አቆመኝ። ሐዋ ልጆቿን ይዛ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ታየኛለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ፤ አንገቴን ስደፋ እጄ ሳላዝዘው ጉንጬ ላይ ወጣ። ጥርሴ ከተነቀለ ሰንብቷል።

"ኸሊክ ኪዳ" አለ ፎቶ አንሺው፤ እንደዚያው ቆይ ማለቱ ነው።

ቆየሁ።