ክቡር አሰልጣኝና የልብስ ሰፊው ኮት

ሆዱን አስቀድሞ ስለ ሆድ ማጥፋት የሚያስተምር ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። የልብስ ሰፊው ሰፈር ደግሞ በዚህ በኩል የታደለ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ሱቁ አጠገብ ያሉት ሰዓት ጠጋኝ፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አንጠልጥለው ስለሚውሉ ሰዉ ሁሉ «ክቡር አሰልጣኝ» ይላቸዋል። ሰዓት ሊያሠራ የሄደ ሰው ሰዓቱ ሳይሠራ፣ ራሱ ቁጭ ብድግ ሠርቶ ይመለሳል።

ልብስ ሰፊው «አንተስ ለምን አትሠራም?» ሲላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ዳኛ ጎል ያገባል እንዴ?»

ልብስ ሰፊው ለዓመታት ሲስቅባቸው ኖሮ በመጨረሻ እጁን የሰጠው በኮት የተነሳ ነው። ሴት ልጁ በመጀመሪያ ደሞዟ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ ገዝታ «ለአንተና ለጋሼ» ብላ ሰጥታው ነበር። ጋሼ የምትለው ክቡር አሰልጣኝን ነው። የሁለቱንም ሙሉ ልብስ ራሱ ሰፋ። አሁን ልጅቷ ልታገባ ነው፤ «በሠርጌ ቀን ያንን ካልለበስክ አኮርፍሃለሁ» ብላዋለች። ኮቱ ግን አልቆለፍ አለ። ቁልፉና ቀዳዳው እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች በሩቁ ይተያያሉ።

«ለቀቅ አታደርገውም?» አለችው ሚስቱ።

«ከስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ የለማ! ያኔ ቀጭን ሆኜ የምቀር መስሎኝ ነበር።»

ክቡር አሰልጣኝ ጉዳዩን ሲሰሙ ፊሽካቸውን ነፉ። «ሩጫ! ስብ የሚፈራው ሩጫን ነው!»

በነጋታው ማለዳ ልብስ ሰፊው ፊት ፊት ሲሮጥ፣ ክቡርነታቸው ውሃና ፎጣ ተሸክመው «ጉልበት ወደ ላይ!» እያሉ ከኋላ ተከተሉ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሌባ የሚባረር መስሎት ዱላ ይዞ ወጣ። ልብስ ሰፊው ግን ቤቱ ሲገባ የሦስት ሰው ቁርስ ብቻውን አነሳ። ሳምንት ሳይሞላ ሚስቱ በር ላይ ጠብቃ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሩጫ ያቀለለው ድስቴን ነው!» አለቻቸው።

«እኔስ ይኼንኑ አይደል ያልኩት?» አሉ፣ ብለው የማያውቁትን። «ሩጫ ያቃጠለውን አፍ ይመልሰዋል። መድኃኒቱ ክብደት ማንሳት ነው። ጡንቻ ተኝተህ እንኳ ያቃጥልልሃል!»

ክብደት ከየት ይምጣ? ክቡርነታቸው ጠዋት ጠዋት ከግቢያቸው ሁለት ብሎኬት ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ ይወጣሉ፤ ማታ «ሌባ አይታመንም» ብለው ተሸክመው ይወርዳሉ። ልብስ ሰፊው ደንበኛ በሌለ ሰዓት ያነሳል፣ በየጊዜውም ወገቡን ይለካል። ወገቡ ቀነሰ። ደረጃውንም ሳያለከልክ መውጣት ጀመረ። ደስ ብሎት ሜትሩን ሳመ፤ ኮቱን ግን ለቀኑ ብሎ አልነካውም።

የሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ኮቱን ሱቁ ውስጥ አጠለቀው። ፊት ለፊቱ ተቆለፈ! በደስታ ክንዱን ሲዘረጋ ግን የኮቱ ጀርባ «ጠረረር» ብሎ ሲተረተር ሰማ። የደንበኛን ትከሻ ሳይለካ መቀስ የማያነሳ ሰው፣ የራሱን ትከሻ ረስቶት ኖሯል። ብሎኬቱ ጀርባውን አስፍቶታል። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ፤ እንባው መጣ። ነገ ምን ብሎ ፊቷ ይቆማል?

በሩ ተከፈተና ክቡር አሰልጣኝ ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ገቡ። ያንኑ ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ለብሰዋል፤ ኮቱ ግን ላያቸው ላይ ይዋኛል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ጨርቅ ሲቀመጥ ይሰፋል እንዴ?»

ልብስ ሰፊው አፍጥጦ አያቸው። ፊሽካው ያርፍበት የነበረው ሆድ የለም። ለካ በየማለዳው የሮጠው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም! ብሎኬቱንስ ደረጃ ለደረጃ ያመላለሰው ማን ሆነና?

«አንተ ሰውዬ፣ ከስተሃል እኮ!»

«እኔ? ዳኛ እኮ...» ብለው ወደ ታች ቢመለከቱ፣ ከስንት ዘመን በኋላ የገዛ ጫማቸውን አዩት።

ልብስ ሰፊው እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ። ሲስቅባቸው የኖረውን ያህል እንደሚወዳቸው ያወቀው ያን ጊዜ ነው። መቀሱን አንስቶ ከክቡርነታቸው ኮት የተረፈውን ጨርቅ ቆረጠና በራሱ ኮት ጀርባ መሐል ሰፋው። ከአንድ ጣቃ የወጣ ነውና ማንም አይለየውም።

በማግስቱ ልጅቷ ሁለቱን ግራና ቀኝ ይዛ ገባች።

«አባዬ፣ ኮቱ ልክክ ብሎብሃል!»

«ከጋሼሽ ተቀንሶ ነው» አላት።

ክቡር አሰልጣኝ ፊሽካቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። አልጮኸም፤ እያለቀሱ መንፋት አልቻሉም።