አንድ እፍኝ አፈርና አንዲት ድንጋይ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቁጭ ብዬ ማለም ለምዶብኛል። እንቅልፍ እንዳይመስላችሁ፤ ዓይኔ ፈጦ ነው። ትራም ውስጥ አልማለሁ። ሐኪም ጋ ቴርሚን፣ በጀርመንኛ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ይዤ ስጠብቅ አልማለሁ፤ ስሜ ተጠርቶ አልፎኝ ያውቃል። ሚስቴ ነፍስህ የት ሄዳ ነው ትለኛለች። የት ትሄዳለች? ሰሞኑን ስኮትላንድ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖርድኤንድ በሚባለው ሰፈራችን፣ እኛ ሕንጻ ውስጥ፣ ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ዳንከን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ ይኖራል። እዚሁ ከተማ ሲያስተምር ያረጀ፣ ሚስቱን የቀበረ፣ ብቸኛ ሰው ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተከደነ ብራና ሰቅሏል። የኛ ሰው ብራና ሲያይ መቼም ዳዊት ነው የሚመስለው፤ እኔም መጀመሪያ ቀን ልሳለመው ምንም አልቀረኝም። ለካ የቅድመ አያቶቹ መሬት የተላለፈበት የሕግ ሰነድ ነው።

ዳንከን ሲያጫውተኝ፣ በነሱ አገር ድሮ መሬት በወረቀት ብቻ አይተላለፍም ነበር አለኝ። ሰጪና ተቀባይ እመሬቱ ድረስ ይሄዳሉ። ምስክር ይቆማል። ሰጪው ከዚያው ከመሬቱ ላይ አፈርና ድንጋይ አንስቶ በተቀባዩ እጅ ያኖራል። በቃ፣ መሬቱ ተላለፈ። ከዚያ ውል ጸሐፊው፣ ኖታሩ ማለት ነው፣ የሆነውን ሁሉ ይጽፍና መጨረሻው ላይ በላቲን «አየሁ፣ አወቅሁ፣ ሰማሁ» ብሎ ይፈርማል። እኛ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንል የለ? እነሱ ደግሞ እጅ ካልነካው ጽሑፉም አያስተማምንም ያሉ ናቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሕልሜ ይሄ ሆነ። ካፊያ ይወርዳል። አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ሜዳ መሀል ቆሟል። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፤ አፈሩ ርሷል። ጸሐፊው ቀለሙን ዝናብ እንዳይነካው በካባው ጋርዶ ይጽፋል። የሚሰማው የብዕሩ ድምፅ ብቻ ነው። ስባንን ከምወርድበት ፌርማታ አልፌ እገኛለሁ።

አሁን ጋሽ አያሌውን ላስተዋውቃችሁ። ፌኸንሃይም በሚባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ለብቻቸው የሚኖሩ፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው አገር ቤት ግብርና ነበር የሚማሩት። አባታቸው አርሲ ውስጥ ብዙ ጋሻ መሬት ነበራቸው፤ ጭሰኛውም ብዙ ነበር። ልጅየው ግን «መሬት ለአራሹ!» ብለው ከፊት ተሰልፈው ጮኹ። እኔም ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ከኋላ ሆኜ ጮኬያለሁ። ግን እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ ከኔ ምን ይወሰዳል? መሬት ሲወረስ የጋሽ አያሌው አባትም መሬት ሄደ። አባትየው ምን አሉ ብትሉ፣ «ልጄ ካለ ይሁን» ብቻ ነው ያሉት። ብዙም ሳይቆይ ልጅየውም በተራቸው ተሳደዱ፤ በሱዳን ዞረው እዚህ ገቡ። አባታቸውን ዳግመኛ አላዩም።

እዚህስ? ግብርና የተማረ ሰው ዕድሜውን በርሜል ሲያንከባልል ኖረ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው እንግዲህ። በረንዳ እንኳ የላቸውም። መስኮታቸው ጠርዝ ላይ በእርጎ ዕቃ ጤና አዳም ቢተክሉ፣ የሕንጻው ጠባቂ፣ ሰው አናት ላይ ይወድቃል ብሎ፣ አስነሳቸው።

ታዲያ ዳንከን ኒድ በሚባል የከተማው ሰፈር፣ ወንዝ ዳር፣ ክላይንጋርተን አለው። ለማታውቁት፣ ማኅበር ለከተማ ሰው የሚያከራያት የአትክልት ቦታ ናት። አጥር አላት፣ የእንጨት ጎጆ አላት፣ የፖም ዛፍ አላት። ሁለቱን ያስተዋወቅኋቸው እኔ ነኝ። ዳንከን ጉልበቱን ሲያመው ጋሽ አያሌው እየሄዱ ያጠጡለት፣ ይኮተኩቱለት ጀመር። አንዳንድ ቀን ስሄድ እመደቡ ላይ ቆመው አፈር በጣታቸው ሲያሹ አገኛቸዋለሁ። አሽትተውት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እንዴት ዋሉ ብላቸው አይሰሙኝም። በዚህ ከተማ በቁሙ የሚያልም እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

ዘንድሮ የዳንከን ጉልበት ጭራሽ እንቢ አለ። ልጁ ወደ አገሩ ልትወስደው ሆነ። የአትክልት ቦታዋስ? ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዛቱ! ደግሞም የምትሰጠው የማኅበሩ ሊቀመንበር ፍራው ቤከር፣ ወይዘሮ ቤከር ማለት ነው፣ እንጂ ዳንከን አይደለም። ዳንከን ለጋሽ አያሌው እንድትሰጥ ለመናት። እሷም አሰበችበትና፣ እስካሁን ያለማት ሰው ነውና ለሱ ትሁን፤ ካልፈለጋት ግን በዚያው ዕለት ለቀጣዩ ተረኛ እሰጣታለሁ አለች። ይህን ለጋሽ አያሌው ነገርኳቸው። በማግስቱ ጸጉራቸውን ተቆረጡ።

ዳንከን ደግሞ አባቶቼ እንዳደረጉት ካልሆነ አላስረክብም ብሎ ቁጭ አለ። አፈርና ድንጋይ! ፍራው ቤከር ምስክር፣ እኔ ኖታር። አስቡት እስኪ፤ ስንት ጊዜ ያለምኩት ሕልም ውስጥ ብዕሬን ይዤ ልገባ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ከወንዙ ጉም ተነስቶ አጥሩን ሁሉ ሸፍኖታል። ጋሽ አያሌው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። ዳንከን በዚያ ጉልበቱ እያቃሰተ አጎነበሰ። ከፖሟ ሥር አንድ እፍኝ አፈርና አንዲት ድንጋይ አንስቶ ዘረጋላቸው። እኔ እፊቴ ያለው ኒድ ይሁን ስኮትላንድ ጠፍቶኛል።

ጋሽ አያሌውስ? እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሰብስበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በጀርመንኛ አይ አይ፣ ይሄማ አይሆንም፣ ይሄ ለኔ አይገባም አሉ!

እናንተ ምን እንደሆነ ገብቷችኋል። ጨዋ ሰው ናቸው። «ብላ» ሲባል «አሁን በላሁ» የሚል ሕዝብ፣ ርስት ሲሰጠው ዘሎ ይጨብጣል? ሰጪው «በሞቴ» ማለት አለበት። ተቀባዩ «ኧረ ይቅር» ይላል። ሰጪው ይቆጣል። ተቀባዩ ያኔ እያፈረ ይቀበላል። ዳንከን ግን በሞቴን ከየት ያውቃታል? ፊቱ ቀላ። ይቅርታ፣ ያስቸገርኩህ አልመሰለኝም ነበር አለና አፈሩን ቀስ ብሎ ወደነበረበት መለሰው። ድንጋይዋንም። ፍራው ቤከር እንግዲያው ለተረኛው ልደውል ብላ ስልኳን አወጣች።

ጋሽ አያሌውን አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ያ የይሉኝታ ፈገግታ ደርቆ ቀርቷል። ዓይናቸው ግን መሬት ላይ ካለችው ድንጋይ አልተነሳም። ፍራው ቤከርን ቆዪ አንዴ አልኳት። እሷም ጸሐፊው አንተ አይደለህ፣ ምን ሰማህ ታዲያ ብላ አፋጠጠችኝ። የሰማሁት እንቢታ ነው፣ የማውቀው ግን እሺታ ነው አልኳት። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እንቢ ሰላምታ ነው ብዬም ላስረዳት ሞከርኩ። ታዲያ እውነተኛው እንቢ ስንተኛው ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ከልቧ ነው። እንደ ሰዉ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አንተ የምታውቀው ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍም፤ ከፈለጋት እሱ ራሱ እፈልጋለሁ ይበል አለች።

ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ጠጋ ብዬ በአማርኛ፣ ጋሼ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ስለ እግዜር አንድ ቃል ይበሉ አልኳቸው። ከጉሙ በላይ አውሮፕላን አለፈ። ፍራው ቤከር ጣቷን ስልኩ ላይ እንዳደረገች ነው።

«እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ መሬት የተናገርኩት ለሌላ ሰው ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «የአባቴን ስጡ ብዬ ጮኬያለሁ። ለኔ ስጡኝ ማለት ግን እንዴት ነው የሚባለው?»

ከዚያ ወደ ዳንከን ዞሩ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እፈልጋታለሁ» አሉት በጀርመንኛ። «የኔ ትሁን። ስጠኝ።»

ዳንከን እንደገና አጎነበሰ፤ እኔ ክንዱን ደገፍኩት። ጋሽ አያሌው አፈሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት። ከረባታቸው ላይ ረገፈ፤ አላራገፉትም። እኔ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ፍራው ቤከር አፍንጫዋን ጠረገችና ብርዱ ነው አለች።

ዳንከን በሳምንቱ አገሩ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ አያሌው ደወሉልኝ። ቅዳሜ ብቅ በል፣ ትንሽ የምትቆፈር ነገር አለች አሉኝ። ሄድኩ። እኔ ስቆፍር እሳቸው ከፖሟ ሥር ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። በከዘራቸው እየጠቆሙ እዚያ ጋ ጠለቅ አድርገው፣ እዚህ ጋ ድንጋዩን ልቀመው ይሉኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። በጋው በሙሉ እንደዚያው! ወገቤ ደቀቀ። እሳቸው ግን ደስታቸው ፊታቸው ላይ ሲታይ ምን እላለሁ? አማረባቸው።

ጎመኑ ደረሰ። ቆረጥኩ፣ አጠብኩ፣ በሦስት እስር አሰርኩ። ጋሽ አያሌው ከወንበራቸው ተነሱ። ሁለቱን እስር ወደ ዘንቢላቸው ከተው አንዱን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ የሚቀልዱ አይመስሉም።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «አባትዎ እንኳ ከጭሰኛ እኩል ነበር አይደል የሚወስዱት?»

ዘንቢላቸውን አነሱ።

«እሳቸው የወረሱት ነው» አሉኝ። «የኔ ግን በትግል የተገኘ ነው።»