በእርምጃ የተነዳች ፈጣን መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የገዛ ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ከመባሉ በፊት ይመረመራል። ስንት ገዛሃት? በሊትር ስንት ትሄዳለች? መለዋወጫዋስ እንደ ልብ ይገኛል? እነዚህን በደህና ያለፈ ሰው ይመረቅና ይለቀቃል። መርማሪው ባለ መኪና መሆን አይጠበቅበትም፤ መንጃ ፈቃድም አያስፈልገውም። እንዲያውም እኔ እንደታዘብኩት፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታ አጥብቀው የሚጠይቁት ዕድሜ ልካቸውን ለታክሲ ተሰልፈው የሚሄዱት ናቸው። እስካሁን ማንም ሲጠይቅ ያልሰማሁት ጥያቄ ግን አንድ አለ፤ «ማንን ልትጭንባት ነው?» የሚለው። እናንተም ብትሆኑ አትጠይቁም። እኔን ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ ብዙ ገንዘብ ታተርፉልኝ ነበር።

መኪናዋን የገዛኋት ከአገር ሊወጣ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንጅ ላይ ነው። ስቴሽን ዋገን ናት፤ ከኋላ ረዘም ያለች፣ የዕቃ መጫኛዋ አልጋ የሚያዘረጋ። ግን ተራ ስቴሽን እንዳትመስላችሁ። ወንበሯ ነጭ ቆዳ ነው፤ ሞተሯ ደግሞ ለውድድር መኪና የሚሆን ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን ሌላ ስቴሽን አይቼ ነበር፤ ቀለሟ የለቀቀ፣ በሯ ሲዘጋ የሚንኳኳ፣ ግን ጤነኛ፣ ዋጋዋም የዚችን ግማሽ። የምሠራው ጉርድ ሾላ፣ አንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። የሒሳብ ሰዎች ደግሞ ታውቃላችሁ፣ የሌላ ሰው ገንዘብ ላይ ሲከራከሩ ምሳቸው ይቀዘቅዛል። ግማሾቹ «ጥሩ ዕቃ አንዴ ነው የሚገዛ፣ ውሰዳት» አሉ። ሌሎቹ «ለፍጥነት ይህን ያህል የምትጨምረው የት ልትበር ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያን ጊዜ ከመገናኛ ጉርድ ሾላ ያለው መንገድ ለባቡሩ ተቆፍሮ፣ ከባለ መኪናው እግረኛው ቀድሞ ቢሮ ይገባ ነበር።

እኔ ግን የፈለግሁት ፍጥነት አልነበረም። ሳልደባብቅ ልንገራችሁ፤ የፈለግሁት ሰው ነው።

ባለቤቴ አስቴር በሕይወት ሳለች አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችን። ያቺ መኪና ባዶ ወንበር ኖሯት አያውቅም። አስቴር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ያገኘችውን ሁሉ «አቁምላቸው፣ አቁምላቸው» እያለች ታስጭነኝ ነበር። በሰፈራችን ደግሞ መኪና ያለው ሰው መኪናው የብቻው አይደለም። ሰርግ ሲኖር፣ ለቅሶ ሲኖር፣ የታመመ ሲኖር፣ ከዕድሩ የድንኳን ምሰሶ ሲመጣ በርህ ይንኳኳል። ከቀብር መልስ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ሆነን፣ አንዱ ያንዱን ክርን ጎኑ ላይ እያሳረፈ፣ ስለ ሟች ደግነት እያወራን እንመለሳለን። ልጅ አልነበረንም፤ ግን ቤታችን ሰው አይጠፋበትም ነበር። አስቴር ስትሞት አሮጌዋን መኪና ሸጥኳት፤ ከጎኔ ያለውን ወንበር እያየሁ መንዳት አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ የቤቴ በር መንኳኳቱን አቆመ። ሬዲዮ የምከፍተው ዜና ለመስማት መሆኑ ቀርቶ ቤቱ ውስጥ ሰው የተናገረ እንዲመስለኝ ሆነ። ብቸኝነት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አስቀድሞ የነገረኝ የለም።

ስለዚህ አሰብኩ። ሰው ሲመጣ የነበረው በመኪናዋ ምክንያት ከሆነ፣ መኪና ልግዛ። ስቴሽን ትሁን፣ ብዙ ትያዝ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። የተሳሳትኩት ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ አሮጌ መኪና ያን ያህል ሰው ከሰበሰበች፣ የተሻለችዋማ ስንቱን ትሰበስባለች ብዬ ጨምሬ ከፈልኩ።

የገባች ዕለት ሰፈሩ ወጥቶ አያት። ሴቶች እልል አሉ፤ ወንዶች ጎማዋን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። በማግስቱ ጎረቤቴ ጋሽ ቶሎሳ በር ላይ አገኙኝና ባርኔጣቸውን አነሱ። ጋሽ ቶሎሳን ላስተዋውቃችሁ። ዛሬ ቤት በተሠራበት ተዳፋት ላይ ያርሱ የነበሩ፣ አሁን ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ አጠና እያስመጡ የሚሸጡ ሰው ናቸው። በአሮጌዋ መኪና ዘመን ሳያስፈቅዱኝ ጣሪያዋ ላይ አጠና ያስሩና «አንተ በቀለ፣ በመንገድህ ናትና ጣል አርግልኝ» ይሉኝ ነበር። አሁን ግን «አቶ በቀለ፣ እንደምን አደሩ?» አሉኝ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አየሁ። ማንም የለም። በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው በአንድ ሌሊት ሾመውኛል፤ እንዲህ ያለ ሹመት ደግሞ ይግባኝ የለውም።

የእሳቸው እህት እትዬ ጫልቱ የባሰ አደረጉኝ። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ እሳቸው ሽንኩርት የሞላ ዘንቢል ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። አቆምኩና በሩን ከፈትኩላቸው። ጎንበስ ብለው ነጩን ወንበር አዩ፣ ቀጥሎ ጫማቸውን አዩ።

«ጭቃ ነኝ እኮ! ይቺን የመሰለች መኪና ላበላሽ?»

«ግዴለም እትዬ፣ ይታጠባል» አልኩ።

ከዘንቢላቸው ፌስታል አወጡ። ጫማቸውን በፌስታል ሊያስሩ አንድ እግራቸውን አንስተው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ «አይ፣ ይቅርብኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ፌስታሉን ራሳቸው ላይ ደፍተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔም በአንደኛ ማርሽ ከጎናቸው እየተንፏቀቅሁ ትንሽ ለመንኳቸው፤ አላፊ አግዳሚው ሴትዮዋን የማስቸግር ሲመስለው አፈርኩና ትቻቸው ሄድኩ።

ለቅሶ ላይ ደግሞ የሆነውን ስሙ። አስከሬን ሊወጣ ሲል አራቱንም በር ከፍቼ ቆምኩ። የዕድሩ ሽማግሌዎች መጡና «ይቺማ ለቤተ ዘመድ ትሁን» አሉ። ቤተ ዘመዱ መጣና «ለሽማግሌዎቹ ትሁን እንጂ» አለ። ሽማግሌዎቹ «የለም፣ አይደረግም» አሉ። እንዲህ ሲከባበሩ አስከሬኑ ሄደ፤ ሽማግሌዎቹም ቤተ ዘመዱም አንዲት ጭስ የምትተፋ ሰማያዊ ታክሲ ውስጥ ተጠቅጥቀው ተከተሉት። እኔ አራት ባዶ ወንበር ይዤ ቀብር ደረስኩ። ከሟቹ ቀጥሎ ብቻውን የሄደ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ፍጥነቷንስ አልሞከርክም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንድ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ወደ እንጦጦ ዳገት ለቀቅኳት። እውነት ለመናገር ጉድ ናት፤ ነዳጅ ስረግጥ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ፣ ባሕር ዛፎቹ በሁለቱም በኩል ተያይዘው አለፉ፣ ጆሮዬ ተደፈነ። ልቤም ዘለለ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። እንዲህ ስነዳ አስቴር ክንዴን ይዛ «ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሰው!» ትለኝ ነበር። ፍጥነት የሚጣፍጠው «ቀስ በል» የሚል ሰው ሲኖር እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ዳገት ላይ ነው። እግሬን አነሳሁና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እንዲህ ሆኜ ሳለ፣ አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፤ አንድ ፀጉሩን ያሳደገ ወጣት አስከትለዋል። ልጃቸው ሌንሴ ልታገባ ነው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ «አፍሬ ነው የመጣሁት አቶ በቀለ፤ መኪናዋን...» ሲሉ ሳላስጨርሳቸው «ይውሰዷት! በደስታ!» አልኩ። ሙሽሪት ነጩ ወንበር ላይ ነጭ ለብሳ ስትቀመጥ ታየኝ።

«ለሙሽሮቹ ሊሞዚን ተከራይተንላቸዋል» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «እሱ ነው የፈለጋት፤ ቪዲዮ አንሺው።»

ወጣቱ አብራራልኝ። የኋላ በሯን ከፍቶ፣ የዕቃ መጫኛው ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጦ፣ ሙሽሮቹ ለፎቶ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ከፊት ከፊት እየሄደ ይቀርጻቸዋል። «ሌሎቹ ስቴሽኖች ኮብልስቶን ላይ ካሜራ ያንቀጠቅጣሉ ጋሼ። ይቺ ግን ሶፍት ናት። ስሙዝ! ሰፈር ውስጥ ሳያት ነው አይኔ የገባችው።»

አያችሁልኝ? የጨመርኩት ገንዘብ ዋጋ እንዳለው በመጨረሻ የመሰከረልኝ ባለሙያ ተገኘ። እኔም ደስ ብሎኝ «እኔው እነዳታለሁ» አልኩ። ጋሽ ቶሎሳ ደነገጡ። «እርስዎ? ሾፌር ሊሆኑልኝ? ነውር አይደለም እንዴ!» ወጣቱም የራሱ ሾፌር እንዳለው፣ ሥራው በእርምጃ መንዳት ስለሆነ ልምድ እንደሚፈልግ በትሕትና ነገረኝ። ቁልፉን ሰጠኋቸው።

የሰርጉ ዕለት ሱፌን ለብሼ፣ ክራባቴን አስሬ ደጅ ወጣሁ። አጀቡ ተሰልፏል፤ ጥሩምባው ያንባርቃል። የሽማግሌዎቹ መኪና ሞልቷል፣ የሚዜዎቹ ሞልቷል፣ የአክስቶቹም ሞልቷል። ቀስ እያለ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሁሉም ሰው «አቶ በቀለ በመኪናቸው ናቸው» ብሎ አስቧል። የእኔ መኪና ግን ከሁሉም ፊት፣ በሯ ወደ ላይ ተከፍቶ፣ የቪዲዮ አንሺው እግር ከኋላዋ ተንጠልጥሎ መንቀሳቀስ ጀምራለች። ሊሞዚኑ ተከተላት፣ ሌሎቹም ተከተሉ። እኔ ደጃፌ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ተመልሼ ልገባና ሱፌን ላወልቅ ወስኜ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ሚኒባስ መጣች፤ የሌንሴን የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጭናለች። በመስኮት የወጣው የእትዬ ጫልቱ ጭንቅላት ነው።

«አንተ በቀለ! ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ!»

የት ልግባ? ሰው በሰው ላይ ነው። በሩ ተከፈተ፣ አንድ እጅ ጎተተኝ፣ እትዬ ጫልቱ ዳሌያቸውን አንቀሳቅሰው የአንድ መዳፍ ስፋት ለቀቁልኝ። እንደተቀመጥኩ ትሪ ሙሉ ድፎ ዳቦ ጭኔ ላይ አረፈ። «እንዳይሰበር፣ ደግፈህ ያዝ» ተባልኩ። ገና ትኩስ ነበር። አንዱ ከኋላ ጉልበቱን ወገቤ ላይ ተከለው፤ ከፊቴ ያለችው ልጅ ከበሮዋን ትከሻዬ ላይ አስደግፋ ትመታ ጀመር። መዝሙሩን አላውቀውም፤ እኔ የምሳለመው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ ነበር። ሆኖም አጨበጨብኩ፤ እጄ ዳቦውን ሲደግፍ በእግሬ መታሁ፤ አፌንም ከፈትኩ። ሚኒባሷ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ወደ እንጦጦ ወጣች። በመታጠፊያው ላይ መኪናዬን ከሩቅ አየኋት፤ እህል የጫነች አህያ በግራ በኩል ስትቀድማት። ሾፌራችን ዳገቱ መሐል ላይ አንዴ በኃይል ሲያዞራት እትዬ ጫልቱ ክንዴን ጨምድደው ያዙና «ቀስ በል፣ አንተ!» ብለው ጮሁ። ለሾፌሩ ነው የጮሁት። እኔ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

በማግስቱ ጋሽ ቶሎሳ መኪናዋን አመጧት። አስጠርገዋታል፣ ነዳጅ ሞልተውላታል። «እናመሰግናለን አቶ በቀለ፤ ሰው እንኳ አልተቀመጠባት፤ ሾፌሩና ካሜራው ብቻ ናቸው» አሉ፤ እኔን ሊያስደስቱ ብለው። ሲሄዱ በሮቿን ከፍቼ ከወንበሮቹ ሥር ፈለግሁ፤ አንዲት የአበባ ቅጠል፣ አንድ የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ ባገኝ ብዬ። ምንም አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ከሰዓት ቪዲዮው ደረሰና ጎረቤቱ ሁሉ ጋሽ ቶሎሳ ቤት ተጠራ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አየነው። ከፈረንሳይ እስከ እንጦጦ ያለው መንገድ በሙሉ ከመኪናዬ ጀርባ ላይ ሆኖ የተነሳ ነው፤ እውነትም አልተንቀጠቀጠም። መኪናዬ ግን የትም የለችም። ካሜራውን የተሸከመች መኪና ሥዕሉ ውስጥ እንዴት ትገባለች? አንድ እንግዳ «ካሜራው በማን መኪና ላይ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አስታውሶ የመለሰለት አልነበረም፤ እኔም ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አላነሳሁም።

ከዚያ መታጠፊያው ላይ፣ ከሊሞዚኑ ኋላ ሚኒባሷ ብቅ አለች። መስኮቷ ላይ ክራባቱ ወደ ጆሮው የዞረ፣ ዳቦ ያቀፈ፣ አፉን ከፍቶ የማያውቀውን መዝሙር የሚዘምር አንድ ሰው አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «አቶ በቀለ ናቸው እኮ! መልሷት፣ መልሷት!» ተባለና ሦስት ጊዜ አስመልሰው አዩኝ። እኔም ራሴን አየሁት። አስቴር ከሞተች ወዲህ እንዲያ ያለ ፊት ያለኝ አልመሰለኝም ነበር።

ሰኞ በምሳ ሰዓት መገናኛ የመኪና ደላሎች የሚቆሙበት ሄድኩ። አንዱ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ኮፈኗን አስከፍቶ አፉን ያዘ።

«ጋሼ፣ ይቺን የመሰለች ንብረት ለምን ይሸጧታል? ችግር አለባት?»

«ምንም የለባትም። በሚኒባስ ለውጥልኝ።»

«ገባኝ፤ ታክሲ ሊያሠሩ ነው።»

«አይ፣ ለቤት ነው።»

ደላላው ፊቱ በራ። «እሰይ! ቤተሰቡ ሰፊ ነው ማለት ነዋ። ስንት ናችሁ?»

«እስካሁን እኔ ነኝ» አልኩት።