ለአያት ኩርባ ትንሽ ጉልበት

[ናን፣ ሰሜን ታይላንድ፣ ከተራሮቹ ሥር። በካምፖን ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጌ ባለቱርቦ ፒካፕ ማዳበሪያ እንደተጫነች ቆማለች። ካምፖን ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሚጣብቀውን ሩዝ በጣቱ እየጠቀለለ ይጎርሳል። ጎረቤቱ ሳኖ አጠገቡ ቆሟል። ሳኖ በዕድሜ ስለሚበልጠው ካምፖን «ፒ» ይለዋል፤ ታላቄ እንደማለት ነው። ሳኖ መካኒክ አይደለም፤ ግን መካኒክ ባለበት ዝም ብሎ አያውቅም። ካምፖን ደግሞ አንድ ነገር እስኪገባው ድረስ የሚቸኩለው ሌላው ሰው ነው። ሳኖ ሰሞኑን የሞተር ጉልበት የምትጨምር ትንሽዬ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሰጥቶታል።]

ሳኖ፦ ሳጥን ናት የምትባለው አልኩህ እኮ!

ካምፖን፦ ሳጥንማ ዕቃ የሚገባበት ነው። የሰጠኸኝ ነገር ሳሙና እንኳ አይገባበትም።

ሳኖ፦ ጉልበት ነው ያለባት፣ ጉልበት!

ካምፖን፦ ታዲያ ለምን ቀለለችኝ?

ሳኖ፦ [ግንባሩን ይዞ] ጉልበት አይመዘንም፣ ካምፖን።

ካምፖን፦ የጎሽ ጉልበት ግን ከነጎሹ ይመዘናል።

ሳኖ፦ ጎሹን ተወውና ስማኝ። አንተ ከዚች መኪና የፈለግከው ምንድን ነው? እሽቅድምድም?

ካምፖን፦ ኧረ ምን በወጣኝ! ትንሽ ነገር ነው የምፈልገው። ጠዋት ሚስቴን ገበያ ላድርስባት፣ ማታ ልመልስባት፣ ቅዳሜ ደግሞ አማቴን ጭኜ ያን ዳገት፣ የአያትን ኩርባ ልውጣ። ከዚያ የተረፈ ጉልበት ካለ ለሌላ ሰው ስጠው።

ሳኖ፦ ለመሆኑ ያን ዕለት ምን ሆናችሁ? ሰፈሩ ሁሉ የየራሱን ነው የሚያወራው።

ካምፖን፦ ምን ይኮናል። ኩርባው መሃል ስትደርስ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰችና ቀጥ አለች።

ሳኖ፦ አማትህ?

ካምፖን፦ መኪናዋ! አማቴማ ምን ይነካቸዋል። ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። የሚስቴ እህት ባል በዚያ በአዲሱ መኪናው ከኋላ ደረሰ፤ እሱ ላይ ተሳፈሩ። ሲያልፉ መስኮቱን እንኳ ዝቅ አላደረጉትም።

ሳኖ፦ ደህና ሁን ሳይሉህ?

ካምፖን፦ እጃቸውን አወዛውዘዋል። ለእኔ ይሁን ሙቀቱን ለማራገብ ግን አላወቅኩም።

ሳኖ፦ ወይ ጉድ!

ካምፖን፦ ቅዳሜም ከቆመች ዘንድሮ የሊቺ ፍሬያቸውን ከተራራ የሚያወርደው እሱ ነው ብለዋል። ሊቺው ቢቀር ይቅር፣ ፒ ሳኖ። ሚስቴ ግን ከዚያ ወዲህ እናቷ ባሉበት የመኪና ወሬ ሲነሳ ብድግ ብላ ዕቃ ታጥባለች። የታጠበውን ዕቃ። እሱ ነው አንጀቴን የሚበላው።

[ሳኖ የመኪናዋን ጎማ በእግሩ ነካ ነካ አደረገ።]

ሳኖ፦ በቃ፣ አታስለቅሰኝ። መድኃኒቱን ሰጥቼሃለሁ። ቱርቦ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ካምፖን፦ የሚያፏጨው።

ሳኖ፦ የሚያፏጨው ይለኛል! እየው፣ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ማራገቢያ ያሽከረክራል።

ካምፖን፦ ሊወጣ መንገድ የጀመረው ጭስ?

ሳኖ፦ አዎ።

ካምፖን፦ በልቶ የጨረሰውን እንግዳ በር ላይ ይዘህ እንጨት ታስፈልጠዋለህ ማለት ነው።

ሳኖ፦ እ... አዎ፣ እንደዚያ በለው። ማራገቢያዋ ደግሞ ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ ትገፋለች። ሳጥኗ ናፍጣውን ጨመር ታደርጋለች። አየር ሲበዛ፣ ናፍጣ ሲበዛ፣ ምን ይበዛል?

ካምፖን፦ ወጪ።

ሳኖ፦ ጉልበት! ጉልበት ነው የሚበዛው! የእኔን አታያትም? ሳጥን አስገባሁ፣ ማርሚታ ቀየርኩ፤ አሁን እንደ ነብር ነው የምታገሳው።

ካምፖን፦ እሱስ እውነት ነው። ስትመጣ ከሩቅ ትሰማለች። ሚስቴ ድምጿን ስትሰማ ሩዝ ትጥዳለች፤ ሩዙ በስሎ፣ በርዶ ነው አንተ የምትደርሰው።

ሳኖ፦ መንገዱ ነዋ መጥፎ! ለመሆኑ ሳጥኗን እንዳሳየሁህ አድርገህ ገጠም...

ካምፖን፦ እሱን ልነግርህ ነበር። እሷ ገና...

ሳኖ፦ ማን፣ ሚስትህ? ሚስት መቼ ጉልበት ትፈቅዳለች! የእኔዋም ያን ጊዜ አኩርፋ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር።

ካምፖን፦ ሚስቴን አይደለም። እናት ያናንግን ነው የምልህ።

[እናት ያናንግ መኪናን የምትጠብቅ መንፈስ ናት። እነካምፖን ዘንድ እሷ ሳትጠየቅ ብሎን አይፈታም። ከመሪው ፊት የተንጠለጠለው የጃስሚን ጉንጉን፣ ሥሩም የተቀመጠው ሁሉ የእሷ ነው።]

ሳኖ፦ ጠየቅካት?

ካምፖን፦ ጠየቅኳት፤ ግን...

ሳኖ፦ ጎበዝ! ከጠየቅካት አለቀ።

ካምፖን፦ መነኩሴውንም ጠይቄያቸው...

ሳኖ፦ መነኩሴውንም? አንተ ልጅ ዘንድሮ አድገሃል! እኔ እንኳ ያን ሁሉ አላደረግኩም። ቁልፉን ወዲህ በል።

ካምፖን፦ ፒ ሳኖ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ...

ሳኖ፦ አንተ ምንም አትንገረኝ! ስነዳት ራሷ ትነግረኛለች። ማዳበሪያው እንዳለ ይሁን፤ አንተ አማትህ ወንበር ላይ ተቀመጥ።

[ካምፖን የቀረችውን ሩዝ ጎረሰና ገባ። አፉ ሞልቶ ስለነበር ሌላ ነገር አልተናገረም። ሰፈሩን ለቀው ዳገቱን ጀመሩ።]

ሳኖ፦ ተሰማህ?

ካምፖን፦ ምኑ?

ሳኖ፦ አሁን! ጀርባዬን ገፋችኝ እኮ!

ካምፖን፦ የወንበሩ ሞላ ነው። ጨርቁን በስቶ ወጥቷል።

ሳኖ፦ ሞላ! ይሄ የሠላሳ ፈረስ ጉልበት ነው፣ አንተ! ከነበረው ላይ ሠላሳ ፈረስ ጨምራለች። እኔ ሚዛን አያስፈልገኝም፤ በወገቤ ነው የምለካው። ድምጿስ? ወፈረ አይደል?

ካምፖን፦ ኋላ ማዳበሪያው ላይ አካፋ አለ። እሱ ነው የሚንኳኳው።

ሳኖ፦ አካፋ እንዲህ አይዘፍንም! አየህ፣ ሳጥኗ አሁን ነው የያዘችው። ልክ እዚህ ጋ። ያዘች!

ካምፖን፦ ምን ያዘች?

ሳኖ፦ ሞተሩን ነዋ!

ካምፖን፦ ፒ ሳኖ፣ ኩርባው ደረሰ። አደራህን።

[የአያት ኩርባ የሚባለው ከመንገዱ ሁሉ የሚከፋው ነው። ጥጉ ላይ በአንድ ግንድ የቆመች ትንሽዬ ቤት አለች፤ አበባና ቀይ ለስላሳ ጠፍቶባት አያውቅም። ቤቷ መንገዱን የሚጠብቁት መንፈስ፣ የአያት ናት። ሳኖ ክላክሱን ሦስቴ ነፋላቸው እንጂ እግሩን ከነዳጁ አላነሳም። ካምፖን ዓይኑን ጨፈነ። የሚስቱ እናት ጃንጥላ ይዘው ሲወርዱ ታየው። ዓይኑን ሲገልጥ የሊቺ ዛፎች ፊት ለፊቱ ተደርድረዋል።]

ካምፖን፦ ወጣን እንዴ?

ሳኖ፦ ወጣን ወይ? ዘለልነው እንጂ!

ካምፖን፦ ሳትተነፍስ?

ሳኖ፦ ሳታስነጥስ!

[ሳኖ መኪናዋን ጥግ አስያዛት። ካምፖን ወርዶ ኮፈኗን እንደ ልጅ ጉንጭ ዳበሳት። ቀጥሎ ግን ፊቱ ላይ ያ የታወቀው ሐሳብ መጣ፤ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሊገባው ነው።]

ካምፖን፦ ፒ ሳኖ፣ ለአያት እጅ አልነሳህም።

ሳኖ፦ ክላክስ ነፋሁላቸው እኮ። ይበቃቸዋል፤ ደግ ሰው ናቸው።

ካምፖን፦ እኔ እንደዚያ አላደርግም። ሁለት እጄን ገጥሜ ነው እጅ የምነሳቸው።

ሳኖ፦ ሁለት እጅህን? መሪውንስ ማን ይይዘዋል?

ካምፖን፦ በጉልበቴ ደገፍ አደርገዋለሁ። ለዚያ ነው ቀስ የምለው። አማቴ አጠገቤ ናቸው እኮ! «ቀስ በል፣ አንገትህን ሰበር አድርግ፣ አያትን እንደ ዘበኛ በጥሩምባ ታልፋቸዋለህ?» ይሉኛል። እኔም እግሬን አነሳለሁ፣ እጅ እነሳለሁ፣ ጎንበስ እላለሁ። ቀና ስል መኪናዋ ቆማለች።

[ሳኖ የመኪናዋን በር ይዞ ሳቀ። ቁጭ ብሎ ሳቀ። እንባውን ጠርጎ እንደገና ሳቀ።]

ሳኖ፦ አንተ የእግዜር ጎሽ! እግርህን ስታነሳ ጭሱ ይቀንሳል! ጭሱ ሲቀንስ ማራገቢያዋ ትደክማለች! ድጋሚ እስክትነሳ ደግሞ ጊዜ ትፈልጋለች። ከዳገት ሁሉ መርጠህ፣ እዚያ ላይ ትንፋሿን ነጥቀህ፣ ከዚያ ውጪ ትላታለህ?

ካምፖን፦ እኔ እኮ የማከብራቸው መስሎኝ...

ሳኖ፦ አያትም ይሄኔ ከቤታቸው ሆነው «ይሄ ልጅ በየጊዜው ደጄ ላይ ቆሞ ምን ፈለገ?» ይላሉ!

ካምፖን፦ [እሱም እየሳቀ] እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነበር በለኛ። እግሬን ካላነሳሁ ሳጥን ባይኖርም ትወጣለች ማለት ነው?

ሳኖ፦ በጭራሽ! እሱን ከአፍህ አውጣ! ያለ ሳጥን? ከነማዳበሪያው? ካምፖን፣ እኔ ሞተር የማውቀው እንደ እጄ መዳፍ ነው። ሳጥኗ ስትይዝ ነግሬሃለሁ እኮ፣ ቦታውን ጭምር። ሳጥኗ ባትኖር ይሄኔ አያት ደጅ ቆመን ቡና ያቀርቡልን ነበር።

ካምፖን፦ እርግጠኛ ነህ?

ሳኖ፦ እርግጠኛ ነህ ይለኛል! ያለ ሳጥን ይችን ኩርባ ከወጣች፣ ቅዳሜ አበባ ይዤ አያት ደጅ እቆምና በአንተ ፈንታ እጅ እነሳለሁ! አማትህ እያዩኝ! አንገቴን ሰብሬ!

ካምፖን፦ ኧረ ይሄማ ጥሩ ነበር። እኔ እግሬን ሳላነሳ አልፋለሁ፣ አማቴም አይቆጡም...

ሳኖ፦ ብያለሁ! የሳኖ ቃል ነው!

[ካምፖን ወደ ጋቢናው ጎንበስ አለ። ከመሪው ፊት፣ ከጃስሚኑ ጉንጉን ሥር፣ በቢጫ ጨርቅ ተጠቅልሎ በነጭ ክር የታሰረ ነገር አነሳ። ክሩን ሲፈታ አልቸኮለም።]

ሳኖ፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

ካምፖን፦ ሳጥኗ።

ሳኖ፦ ሌላ ሳጥን ገዛህ? ሁለት አይገጠምም እኮ!

ካምፖን፦ ያቺው ናት፣ የሰጠኸኝ። መነኩሴው ሐሙስ ቀኑ መልካም ነው፣ ያን ዕለት ግጠማት አሉኝ። ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው። እስከዚያ እናት ያናንግ ትልመዳት ብዬ ፊቷ አስቀመጥኳት። ልነግርህ ስል «ራሷ ትነግረኛለች» አልከኝ።

[ሳኖ ኮፈኑን ከፈተ። አየ። ዘጋው። ትንሽ አሰበና እንደገና ከፈተው።]

ካምፖን፦ ምን ጠፋህ?

ሳኖ፦ ሠላሳው ፈረስ።

ካምፖን፦ እኔ አልነካኋቸውም።

ሳኖ፦ ገፋችኝ እኮ፣ ካምፖን። ጀርባዬን። በእውነት ገፋችኝ።

ካምፖን፦ ይመስለኛል ሸሚዝህም ተቀዷል።

[ሳኖ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ሸሚዙን ዳበሰ። ተቀዷል። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ የሊቺውን ዛፎች ተመለከቱ። ካምፖን ግን ዛፎቹን አልነበረም የሚያየው። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ፣ አማቱ የመኪና ወሬ አንስተው፣ እሷም ካለችበት ሳትነሳ ነበር የታየችው። ሳኖን ማቀፍ አማረው፤ ሸሚዙ ስለተቀደደ ተወው።]

ሳኖ፦ ለሰው ትናገራለህ?

ካምፖን፦ እኔ? ለማንም። ቅዳሜ ኩርባው ላይ አበባ ይዘህ አንገትህን ሰብረህ ሲያዩህ የሚጠይቁት አማቴ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ መዋሸት አልችልም።

ሳኖ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] እሺ። ቃል ቃል ነው፤ እቆማለሁ። ብቻ ሐሙስ ሳጥኗን ስትገጥም ጥራኝ። ልዩነቷን ያኔ ታያለህ።

ካምፖን፦ [ሳጥኗን በቢጫው ጨርቅ መልሶ ጠቅልሎ እጁ ላይ ያኖርለታል] የለም፣ ፒ ሳኖ፣ አንተው ውሰዳት። ለአንተ ሳትገጠምም ትሠራለች፤ እኔ ጋ ግን ካልተገጠመች አትሠራም።