እንግዳ የማይለቅ ጎጆ

መጀመሪያ ይቅርታ ልበላችሁ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም። ፊደሎቼ ትራም ላይ ቆመው እንደሚሄዱ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። የፊደል ስህተትም አይጠፋም። አዲስ አበባ ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ ነው ወደ ሜልበርን የመጣሁት፤ እዚህ ደግሞ አማርኛ የሚያርምልኝ የለም። እማዬ ማንበብ ትችላለች፣ ለማረም ግን ትዕግሥት የላትም። እንደሆነ አድርጋችሁ አንብቡልኝ።

ለመሆኑ እናንተ ቤት ፕሮፌሰር እራት በልቶ ያውቃል? እኛ ቤት በልቷል። ፍሌሚንግተን የሚባል ሰፈር፣ የመንግሥት ኪራይ ፎቅ ላይ፣ ያውም ሊፍቱ በተበላሸበት ቀን። አሁንም ሳስበው ያስደነግጠኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኬሚስትሪውን ሕንፃ ታጸዳለች። ስኩል ሆሊዴይ ሲሆን እኔንም ይዛኝ ትሄዳለች፤ ቤት ብቻዬን እንድቀር አትፈልግም። ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው አክስቴ ጋ ትታኝ የተሰደደችው። እኔን ለማስመጣት ዓመታት ፈጀባት። ካመጣችኝ ወዲህ ሱቅ ስትልከኝ እንኳ እስክመለስ መስኮት ላይ ቆማ ትጠብቃለች። እኔም አይከፋኝም። ዓይን አፋር ነኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ ከተናገርኩት ይልቅ ያስነጠስኩት ሳይበልጥ አይቀርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የተቀደደ አንዲት ፀጉረ ነጭ ሴትዮ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ከጠረጴዛ ሥር የሆነ ነገር ስትለቅም አገኘናት። እማዬ አዲስ የተቀጠረች ጽዳት ሠራተኛ መሰለቻት። አዘነችላት። ያለ ጓንት ልታሠራት ነው እንዴ ብላ ተቆጣጣሪዋን አማችና የራሷን ትርፍ ጓንት አውጥታ ሰጠቻት። ሴትዮዋም አመስግና አጠለቀችው። የተሰበረ ብርጭቆ ነበር የምትለቅመው፤ ሦስታችን አብረን ለቀምን።

በማግስቱ ኮሪደሩን ስንወለውል ግድግዳው ላይ ያችኑ ሴትዮ አየናት። በትልቅ ፍሬም፣ አንገቷ ላይ ሜዳሊያ። ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። ፕሮፌሰር ጁዲት። ሕንፃው ውስጥ ያለው ላብራቶሪ አብዛኛው የእሳቸው ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «እሷ» ቀርታ «እሳቸው» ሆኑ። እማዬ በመወልወያው እንጨት ተደግፋ ቆመች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጓንት ሰጠኋቸው እኮ» አለች። «ሜዳሊያ ላላቸው ሰው።»

ቤት ስንደርስ እንጀራ አልበላ አላት። በእራት ካልካስኳቸው አይሆንልኝም አለች። ጠሪዋ ማን ነው? እኔ። አራት ቀን ሙሉ በራቸው ላይ ደርሼ ተመለስኩ። በአምስተኛው ራሳቸው በሩን ከፍተው ምን ፈልገሽ ነው አሉኝ። እማዬ እኛ ቤት እራት እንዲበሉ ትፈልጋለች አልኩ፤ በአንድ ትንፋሽ። መቼ ነው አሉኝ። እምቢ የሚሉ መስሎኝ ስለነበር ለዚህ መልስ አላዘጋጀሁም።

በትራም መጡ። ደረጃውን በእግራቸው ወጡ። ከታች ፎቅ ያሉት እትዬ አስካለም ሳይጠሩ መጡ፤ ፕሮፌሰር ሲበላ አይቼ አላውቅም ብለው። እንግዳችን ፕሮፌሰር አትበሉኝ፣ ጁዲት በቃኝ አሉ። እማዬ በባዶ ስማቸው መጥራት ሞት መሰላት። ተቸግራ ተቸግራ «እትዬ ጁዲት» አለቻቸው። እንደዚያው ቀረ።

አስተርጓሚ ማን ነው? አሁንም እኔ።

እማዬ የጓንቱን ይቅርታ በመጠየቅ ጀመረች። እትዬ ጁዲት ሳቁ። ያደጉት በግ በሚያረባ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኬሚስትሪ ሲመርጡ ከወንዶቹ መሃል ብቻቸውን ነበሩ፤ ዶክተር ከሆኑ በኋላም ለስብሰባ ሲመጡ ለሰዎቹ ሻይ አቅራቢ ይመስሏቸው ነበር። «ሰዎች ሁልጊዜ ሲኒ ነበር የሚያስይዙኝ» አሉ። «ጓንት የሰጠሽኝ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። እድገት ነው።»

እማዬ አልሳቀችም። ሥራቸውን ጠይቂልኝ አለችኝ። እሳቸው መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ አጎረሰቻቸው።

ደነገጡ። ሰው በእጁ አጉርሷቸው አያውቅም። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ እኔ ሥራችን ሄደ ብዬ ነበር። አላምጠው ዋጡና ሌላ አንድ እንድትጠቀልል ለመኗት። ሊበሉት ግን አይደለም፤ ሊያዩት ነው። ጉርሻውን መብራት ላይ አንስተው አገላበጡት።

«ይኸው ሥራዬ» አሉ። ሌሎች ኬሚስቶች ነገርን ከነገር ያጣብቃሉ። እሳቸው አያጣብቁም። በዓይን የማይታይ ትንሽ ጎጆ ይሠሩና ሌላ ትንሽ ነገር መጥቶ ይገባበታል። ጎጆውን እንግዳ ተቀባይ፣ የገባውን እንግዳ ይሉታል። ሙጫ የለም፤ እንጀራው ወጡን እንዳቀፈው ማቀፍ ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ እስከመጨረሻው ሰሙና «ታዲያ አርባ ዓመት ተምራ ጉርሻ ነው የሠራችው በያት» አሉኝ። ፈራሁ፤ ግን ተረጎምኩት። እትዬ ጁዲት እስኪያስላቸው ሳቁ።

የዚያን ቀን ሌላም የሚያስደነግጥ ነገር ነበር። እየተናገርኩ ነበር። ድምፄን ሰማሁት፤ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ሳህናቸውን በጨረሱ ቁጥር እማዬ ትሞላዋለች። እሳቸው አገር ሳህን መጨረስ ጨዋነት ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ ባዶ ሳህን የአስተናጋጅ ነውር ነው። ስለዚህ እሳቸው ይጨርሳሉ፣ እሷ ትሞላለች። ሊሄዱ ሲነሱ «በሞቴ ይቀመጡ» ትላለች። «በሞቴ»ን አልተረጎምኩትም፤ አምቡላንስ ይጠራሉ ብዬ። ይነሳሉ፣ ትለምናለች፣ ይቀመጣሉ። ኮታቸውን ወስዳ መኝታ ቤት አስገባችው።

በመጨረሻ እትዬ ጁዲት እኔን አዩኝ። ይህቺ ልጅ ነገር ታስረዳለች አሉ። የቀድሞ ተማሪዬ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት አለ፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፣ በባቡር ይኬዳል፣ ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን አዳሪ አድርጎ ያስተምራል። ለምን አትልኪያትም?

ይህንንም ተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ስለ ራሴ።

እማዬ ሞሰቡን ወደ ራሷ ሳበችው። «ስንት ዘመን ጠብቄ ነው ያገኘኋት» አለች። «አልለቃትም። እንዲያው እንዳልሰማሁ ይቆጠርልኝ በያቸው።»

አልኳቸው። ከዚያ ስለ መጀመሪያው ጎጆአቸው አወሩ፤ እኔም በትርጉም እግር በእግር ተከተልኳቸው። ከእርሻ ማዳበሪያ ታጥቦ ወንዝ የሚገባና ዓሣ የሚገድል ነገር አለ። እሱን ከውሃ ውስጥ የሚይዝ ጎጆ ለመሥራት ወጣትነታቸው አለቀ። ተሳካ። ያዘ። እንዴት አድርጎ ያዘ። ሰው ሁሉ አጨበጨበላቸው። ግን አልለቅ አለ። በሙቀት ሞከሩ፣ በአሲድ ሞከሩ፣ አልለቅ አለ፤ ሲብስበት ደግሞ ከነእንግዳው ፈረሰ። አንዴ ይዞ የሚጣል ጎጆ ለማን ይጠቅማል? ሌላ ብዙ ዓመት አለፈ። በስተመጨረሻ የጎጆውን ግድግዳ በአንድ በኩል አሳሱት። ያን ጊዜ ይይዛል፣ ውሃውን ትንሽ ሲቀይሩለት ይለቃል፣ ተመልሶ ይይዛል። ሜዳሊያው የተሰጣቸው ለዚህኛው ነው።

«መያዝ ቀላል ነው» አሉ። «የሚይዝም የሚለቅም መሥራት ነው ዕድሜዬን የበላው።» ቀጥለውም የመኝታ ቤቱን በር እያዩ «እናትሽ የመጀመሪያው ጎጆዬ ናት» አሉኝ።

ያቺን ተረጎምኳት። እንዴት አሳምሬ እንደተረጎምኳት ብታዩ። በእጄ ሁሉ ጎጆ ሠርቼ አሳየሁ። እማዬ ስትሰማ ቆየችና ተነስታ ኮታቸውን አመጣች። ይህን ጊዜ ከሁላችንም በላይ የደነገጡት እትዬ አስካለ ናቸው። እንግዳ ሳይለመን ሲሄድ እኛ ቤት አይተው አያውቁም።

በሳምንቱ እማዬ ትሄጃለሽ አለችኝ። ቁርጥ ያለ ነገር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሴቶቹ ሁሉ አወራች። ልጅ አጥብቆ መያዝ ድሮ ቀርቷል፣ ፕሮፌሰር ናቸው ያስረዱኝ፣ ተርጓሚዋም ራሷ ልጄ ናት ትላለች። አንዷ እናት ልጇን ለብቻው ቤት እንዲከራይ እስከመፍቀድ ደርሳለች አሉ።

የመሄጃዬ ቀን ሰንሻይን ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። የገጠሩ ባቡር እዚያ ይቆማል። ሻንጣዬን ራሷ አስገባችልኝ። አላለቀሰችም። ስሜሻለሁ፣ ሂጂ፣ ደውዪ አለች። በቃ። እንዲህ ቀለል አድርጋ። ለእትዬ ጁዲት ስንት ጊዜ «በሞቴ» ያለች ሰው እኮ ናት።

ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፤ አላማውም። ባለፈው ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቻለሁ። እማዬ ስደውል ድምፅዋ ኩራት ኩራት ይላል፤ እትዬ ጁዲትም ሁለተኛው ጎጆ እንዴት ነው እያሉ ይጠይቋታል አሉ።

ለማንም ያልነገርኩትን ግን ለእናንተ ልንገራችሁ። መሄዱንስ እሄድ ነበር። ሰንሻይን ላይ ግን በሩ ሊዘጋ እስኪጮህ ድረስ አንድ እግሬን ፕላትፎርሙ ላይ አቁሜ ነበር። «በሞቴ አትሂጂ» እስክትለኝ እየጠበቅኩ። አንዴ ብቻ። እምቢ ብያት ልሄድ።