ማህተሙን የሚደብቁት ርዕሰ መምህር

መንገድ ባልደረሰበት ትምህርት ቤት ሁሉ መምህር የሚያድን አንድ ሰው አለ። የሚያድነው ታዲያ ከበሽታ አይደለም፤ እንደ ድኩላ ነው። ከከተማ አዲስ ተመራቂ መመደቡን በሰማ ማግስት ጋቢውን አጣፍቶ ይነሳል፤ አውቶቡስ መውረጃው ላይ ያደፍጣል፤ ተመራቂው ገና እግሩን መሬት ሳያሳርፍ ሻንጣውን ከእጁ ይቀማል። ሻንጣው ከተያዘ ደግሞ ባለቤቱ የትም አይሄድም።

በዚህ ሙያ የግራር አፋፍ ትምህርት ቤቱን ክቡር ርዕሰ መምህር፣ አቶ ሙሉሰው ሀብተሥላሴን የሚስተካከል በወገራ አልተገኘም። ሕሊና ይህን ያወቀችው በገዛ ሻንጣዋ ነው።

ሕሊና የጎንደር ቁስቋም ልጅ ናት። አባቷ ሆስፒታል ላቦራቶሪ፣ እናቷ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ይሠራሉ። በስታትስቲክስ ተመርቃ ሁለት ዓመት ተኩል ሥራ ፈልጋ ስታጣ፣ ተመራቂዎችን በጥቂት ወራት ለመምህርነት አሠልጥኖ መምህር ወደሌለባቸው ትምህርት ቤቶች የሚልክ ፕሮግራም መጣ። የከተማው ልጅ ያገኘውን የደጋው ልጅም እንዲያገኝ ነበር ሐሳቡ። ሕሊና አመነችበት። ኋላ ላይ ይህን ማመኗ ሲያሳፍራት ከረመ እንጂ፣ ያኔ ከልቧ ነበር።

ከእሷ ጋር የተመደበው የእንፍራንዙ ልጅ ምናለ ነው፤ በባዮሎጂ የተመረቀ፣ ዝምተኛ ልጅ። ሁለቱም አምባ ጊዮርጊስ ሲወርዱ አንድ ረጅም፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ ሰውዬ ሁለቱንም ሻንጣ አንስተው በቅሎ ላይ እየጫኑ ነበር።

«ሩቅ ነው?» አለች ሕሊና።

«ምን ሩቅ ነው ልጄ፤ ትንሽ ወጣ ማለት ነው» አሉ አቶ ሙሉሰው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሄዱ። በመንገድ ላይ ስለ ውሃው ጠየቀች፤ «እደጅ ነው» አሉ። የአርባ ደቂቃ ቁልቁለት ነበር። ስለ መብራት ምናለ ጠየቀ፤ «ምሰሶው ቁሟል» አሉ። እውነትም ቁሟል። ሽቦ የለውም እንጂ፣ ቁራ አርፎበት ከሩቅ ይታያል።

የአያ ሙሉሰው ዋና ቃል «ለጊዜው ነው» ነበረች። ጣሪያው ሲያፈስ ለጊዜው ነው። አንድ ዴስክ ላይ አምስት ልጅ ሲቀመጥ ለጊዜው ነው። በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ትምህርት ቤቱ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ፈትቶ የቆየውም ለጊዜው ነበር። የሕሊናን ቤት ግድግዳ በራሳቸው እጅ መርገውላታል፤ አልጋውን ከቤታቸው አምጥተውታል። ወለሉ ላይ ቆመው ዙሪያውን እያዩ፣ ልክ ቤተ መንግሥት እንደሚያስረክብ ሰው፣ «ሸጋ ነው። ለጊዜው ነው» አሉ።

ቢሯቸው በር ላይ የመምህራን ስም የተጻፈበት ቆርቆሮ ተሰቅሏል። በጠመኔ አይጽፉም፤ በዘይት ቀለም ነው። በቀለም የተጻፈ ሰው ቶሎ አይሄድም ብለው ያምናሉ። መምህሩ ሲሄድ ስሙን በነጭ ይሸፍኑና አዲሱን ከላዩ ይጽፋሉ። ቀለሙ ከመደራረቡ የተነሳ ቆርቆሮው እንደ ጣውላ ወፍሯል። ሕሊና ስሟን ስታነብ ከስሟ ሥር የሌላ ሰው ስም በጉልህ ይታያት ነበር።

ከሁሉ በላይ የታወቁት ግን በማህተሙ ነው። ከወረዳው ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ መምህር መልቀቂያ ያስፈልገዋል፤ መልቀቂያው ላይ ማህተም ያስፈልጋል፤ ማህተሙ ደግሞ በጥያቄው ዕለት አይገኝም። «ወረዳ ነው» ይላሉ። «ቀለሙ ደርቋል» ይላሉ። አንዴ አንድ መምህር ሲያስጨንቃቸው ባዶ ቀፎ ውስጥ ሸጉጠውት፣ ቀፎው ንብ ገብቶበት ማህተሙ ከነማሩ ወጣ ይባላል።

ስምንተኛ ክፍል ሠላሳ ሰባት ልጆች ነበሩ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሒሳብ ያስተማራቸው የለም። ሕሊና በሥልጠናው ላይ የቡድን ሥራ ተምራ ነበርና መጀመሪያ ቀን በቡድን ከፋፈለቻቸው፤ ባለ ቀለም ወረቀት አደለች። ግማሽና ሩብ ደምሩ አለቻቸው። ሠላሳ ሰባቱም ወረቀቱን አገላበጡ እንጂ የደመረ የለም። ሰባተኛ ክፍል ገብታ ከመጽሐፍ አንድ አንቀጽ እንዲያነቡላት ጠየቀች፤ አራት ልጆች አነበቡ። ሌሎቹ ፊደሉን አንድ በአንድ ይለቅሙ ነበር። እቤቷ ገብታ ያን ባለ ቀለም ወረቀት አልጋው ሥር ወረወረችው።

በሳምንቱ ትርንጎ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሕሊና ከክፍል ስትወጣ ጠብቃ አነጋገረቻት። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ትሄዳለች።

«መምህርት፣ መቼ ነው የሚሄዱ?»

«ምነው? ሂጂ እያልሽኝ ነው?»

«አይደለም። ከገና በፊት ከሆነ በድሮው ደብተሬ ጀርባ እጽፋለሁ። ከቆዩ አዲስ ደብተር አወጣለሁ።»

ሕሊና «አውጪ» አለቻት። እቤቷ እስክትደርስ ግን የዋሸች መሰላት።

መጀመሪያ የወጣው ምናለ ነው። ጥር ላይ አንድ ድርጅት እንፍራንዝ አጠገብ ሥራ ሰጠው። ማህተሙን ሦስት ቀን ፈለገ። አያ ሙሉሰው የመጀመሪያውን ቀን ወረዳ ነበሩ፤ ሁለተኛውን ቀን ታመሙ፤ ሦስተኛውን ቀን የጎረቤት ገብስ ሊወቁ ሄዱ። አውድማው ድረስ ሄዶ ከጭዱ መሐል አገኛቸው።

«አያ ሙሉሰው፣ እባክዎ ይፈርሙልኝ።»

«እፈርማለሁ። ልጆቹ ፈተና ይውሰዱና እፈርማለሁ። ለጊዜው ነው፣ ታገስ።»

ምናለ አልታገሰም። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ያለ መልቀቂያ ሄደ። የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ አያ ሙሉሰው ራሳቸው ገብተው ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ሕሊና በመስኮት አየቻቸው። ሳይንስ አያውቁም። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው፣ እሳቸውም እጃቸውን አጣጥፈው፣ አርባ ደቂቃውን እየተያዩ ጨረሱት። ሲወጡ የምናለን ስም ለመሸፈን ነጭ ቀለሙን ያዙ፤ ያዙና መልሰው አስቀመጡት።

ግንቦት ላይ የሕሊና አባት ደወሉ። ጎንደር አንድ የግል ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ይፈልጋል፤ ክፍሉ ሠላሳ ልጅ ነው፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አለው። የሚፈለገው መልቀቂያ ብቻ ነው። ሕሊና እሺ አለች። ለማለት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ያሳዘናትም እሱ ነው።

ቅዳሜ ገበያ አምባ ጊዮርጊስ ወርዳ ሁልጊዜ ሻይ የምትጠጣበት ቤት ተቀመጠች። የሻይ ቤቱ ባለቤት እታገኘሁ የአገሩን ወሬ ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት። ሕሊና ማህተሙ እንዳስጨነቃት ነገረቻት። እታገኘሁ ሳቀች።

«ለልጃቸው ጊዜ ግን አልጠፋም።»

«የምን ልጃቸው?»

«ፍሬ ናት። እንደናንተው ተመርቃ ሰንበት ውሃ ተመደበች፤ ከግራር አፋፍም የባሰ በረሃ። እንዲያው አንዲት ዓመት እንኳ አልሞላትም። እሳቸው ራሳቸው ሰው ለምነው፣ ደጅ ጠንተው፣ ጎንደር አስገቧት። ይኸው አምስት ዓመቷ።»

ሕሊና ያን ሁሉ አቀበት ስትወጣ ንዴቷ እግር ሆኗት ነበር። አያ ሙሉሰውን ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው አገኘቻቸው። አልተቀመጠችም።

«ፍሬን ማን ፈረመላት?» አለች።

አያ ሙሉሰው ሲያነቡት የነበረውን ወረቀት አስቀመጡ።

«እኔ ለምኜ አስፈረምሁ።»

«የሰው ልጅ ግን እዚህ ይበስብስ።»

«እንዲያ አላልሁም።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

አያ ሙሉሰው እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ማህተሙ ነበር። እዚያው፣ ደረታቸው ላይ። መልቀቂያውን በእጃቸው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማህተሙን እፍ ብለው መቱበት።

«ለልጄ ያደረግሁትን አባትሽን ልከለክለው አልችልም» አሉ። «እንኪ። መጪው ቅዳሜ ግን ከእኔ ጋር ነይ። ማባበል አይደለም፤ ወረቀትሽ እጅሽ ላይ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት አገሩ ሁሉ ወደ ገበያ ሲወርድ እነሱ በተቃራኒው ሄዱ። ሦስት ሰዓት ቁልቁለት። ሰንበት ውሃ ሲደርሱ በር በሌለው ክፍል ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አንዳቸውም አልተገረሙም። አያ ሙሉሰው ከረጢታቸውን ፈተው ጠመኔ አወጡ፤ አንዲት የተቦጫጨቀች መጽሐፍ አወጡ፤ ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ።

ፍሬ ከወጣች ወዲህ ሰንበት ውሃ የሒሳብ መምህር አልመጣም። አያ ሙሉሰው አምስት ዓመት ሙሉ፣ መንገድ ካልተዘጋ በቀር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወረዱ ያስተምሩ ነበር። ሰው ሁሉ ገበያ የሚሄዱ ይመስለው ነበር።

ሕሊና ከኋላ ተቀምጣ አዳመጠች። አያ ሙሉሰው የያዙትን መጽሐፍ ልብ ብላ አየችው። የድሮው መጽሐፍ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ ቆይቷል፤ እነዚህ ልጆች ሰኔ ላይ የሚፈተኑት በአዲሱ ነው። ሰውየው ደግሞ የድሮውንም በወጉ አያውቁትም፤ ሁለት ቦታ ላይ ምልክት ተሳስተዋል፤ ልጆቹም ስሕተቱን በጥንቃቄ፣ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ገልብጠዋል።

ሲመለሱ አቀበቱ መሐል ላይ አረፉ። እንዴት እንደምትነግራቸው አላወቀችም።

«አያ ሙሉሰው፣ መጽሐፉ ተለውጧል እኮ።»

«መለወጡንስ አውቃለሁ» አሉ፤ «የተለወጠውን ነው እንጂ የማላውቀው። አዲሱ እኛ ጋም አልደረሰ። ቅዳሜ ሲሆን ይቀመጣሉ። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልምጣ?»

ሕሊና እስከ ፈተናው ቆየች። የቀሩትን ቅዳሜዎች አብራቸው ወረደች፤ በስልኳ ከነበረው ከአዲሱ መጽሐፍ ፋይል እያነበበች የቻለችውን ያህል አስተማረች። አራት ቅዳሜ ብቻ ነበር የቀረው። ስምንት ዓመት በአራት ቅዳሜ አይሞላም፤ ይህን ለማወቅ ስታትስቲክስ መማር አያስፈልግም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ተፈተኑ፤ እሷም መልቀቂያዋን ይዛ ወደ ጎንደር ገባች።

ነሐሴ ላይ አያ ሙሉሰው ደወሉላት። ጎንደር መናኸሪያ ነበሩ። ዘንድሮ ሦስት ተመራቂ ተመድቦልዎታል ተብለው፣ አምባ ጊዮርጊስ ከማድፈጥ ከምንጩ ልያዛቸው ብለው መጥተዋል። ሕሊና ስትደርስ ብቻቸውን ቆመዋል። አንዱ አዲስ አበባ ሄዷል፤ አንዷ አግብታለች፤ ሦስተኛው ስልክ አያነሳም። ለሦስት ሻንጣ ያመጡት ገመድ ክንዳቸው ላይ ተጠምጥሟል። ጋቢያቸው በዝናብ ርሷል፤ ከሰኔ ወዲህ ዐሥር ዓመት ያረጁ መሰላት።

«ውጤት መጣ?» አለች።

«መጣ። ከእኛ ስድስት አልፈዋል።»

«ከሰንበት ውሃስ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዐሥራ ዘጠኝ ተፈትነው አንድም አላለፈም። ይህንን ለወላጆቹ የነገሯቸው ራሳቸው ወርደው ነው፤ አንድ በአንድ፣ በስም።

«ትርንጎስ?»

«ትርንጎ አንደኛ ናት። ምን ያደርጋል፤ ዘጠነኛ ያለው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ቤት ተከራይቶ የሚያስቀምጣት የለም። አባቷን ሁለት ጊዜ ለመንሁት። እቤት ናት።»

ሕሊና የምትገባበትን የግል ትምህርት ቤት፣ ሠላሳውን ልጅ፣ ሠላሳውን መጽሐፍ አሰበች። እሳቸው አልወቀሷትም። ቢወቅሷት ይሻላት ነበር። «ያገኘሽው ሥራ ሸጋ ነው?» ብለው ጠየቋት እንጂ፣ ከልባቸው።

ረዳቱ ወደ አምባ ጊዮርጊስ እያለ ሲጣራ አያ ሙሉሰው ገብተው መስኮት ሥር ተቀመጡ። ሕሊና ቦርሳዋን ከፈተች። ስልኳን አወጣች፤ ሲሟን ነቅላ ኪሷ ከተተች፤ ስልኩን በመስኮቱ አቀበለቻቸው።

«ምንድን ነው?»

«አዲሱ መጽሐፍ ነው። ሰባተኛም ስምንተኛም አለበት። ጤና ኬላው ሶላር ላይ ይሰኩት።»

«አንቺስ በምን ልትደውዪ?»

«ይደረስበታል። ይመልከቱ፣ እንዲህ በጣትዎ ገፋ ሲያደርጉት ገጹ ይገለጣል።»

ሞከሩ። በጠመኔና በእርፍ የደነደነውን ጣት ስክሪኑ አልሰማ አለ። እንደገና ሞከሩ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ሕሊና ከጎኑ ጥቂት ተራመደችና ቆመች። እጇን አንስታ አወዛወዘች። አያ ሙሉሰው ግን አላዩዋትም። አንገታቸውን አቀርቅረው፣ ጣታቸውን በምላሳቸው እያረጠቡ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ሊገልጡ እየታገሉ ነበር።