ለቡችላ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰው የሚኮራበት ነገር አያጣም። አንዱ በልጁ ዲግሪ ይኮራል፣ አንዱ በአዲስ መኪናው ይኮራል፣ ሁለቱም የሌለው ደግሞ ድሮ ፀጉሩ እንዴት ያለ እንደነበር እያወራ ይኮራል። እኔ ደምሴ፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ኦክላንድ ውስጥ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል የምነዳ ሰው፣ በምን ብኮራ ጥሩ ነው? በውሻ። ውሻዋ ቆንጆ ስለሆነች እንዳይመስላችሁ። ቆንጆስ ቆንጆ ናት፤ ግን ቆንጆ ያደረጋት እግዚአብሔር ነው፣ እኔ እዚያ ውስጥ ምን እጅ አለኝ? የምኮራው ስለተሰጠችኝ ነው። መግዛት ሌላ፣ መሰጠት ሌላ። ቆዩ፣ ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ቤቲ የምትባል። ወንድም የላት፣ እህት የላት፤ አፍ ከፈታች ጀምሮ የምትጠይቀኝ ውሻ ነው። አፓርታማ ውስጥ ስለነበርን፣ እግዚአብሔር ግቢ ያለው ቤት የሰጠን ቀን እገዛልሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። በዚህ አገር የቤት ዋጋ ግቢ ያለው ቤት የት ይገኛል ብዬ ነዋ። ሰው በልበ ሙሉነት ቃል የሚገባው ነገሩ የማይሆን ሲመስለው ነው። ለካ እግዚአብሔር ቃሌን ይሰማ ኖሯል። አምና አንድ ደግ አከራይ አጥር ያለው፣ ሣር ያለው ቤት አከራየን፤ ውሻም ይፈቀዳል አለን። ቤቲ እቃ እንኳ ሳታወርድ ዞር ብላ አየችኝ። ባትለኝም ገባኝ።

ጓደኛዬ ጌታሁን በሰፊው የሚኬድበትን ነገር ሁሉ በአቋራጭ የሚያውቅ ሰው ነው። ለልጆቹ ቡችላ የገዛው በኢንተርኔት ፎቶ አይቶ፣ ፍሪሞንት አንድ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ከመኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ነው። እናትየዋስ የት አለች ብሎ ሲጠይቅ ሻጩ ቤት ናት አለው። አባትየውስ ሲለው ሰውየው ስልኩን ማየት ጀመረ። ጌታሁንም ቡችላውን አቅፎ ገባ። ቡችላው ግን ከመጀመሪያው ታሞ የመጣ ነበር፤ ብዙም አልቆየ። ሻጩ ጋ ሲደውል ስልኩ አይሠራም። ጌታሁን የአባቱን መርዶ ሲሰማ እንኳ ጥርሱን ነክሶ የቻለ ሰው ነው፤ ለዚያ ቡችላ ግን መሪ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ቤቲ፣ “ዳድ፣ ኖ ፓርኪንግ ሎት” አለችኝ። ፈልጋ ፈልጋ ከሳንሆዜ በስተጀርባ ካለው ተራራ ላይ ፈቃድ አውጥታ ውሻ የምታራባ ሊንዳ የምትባል ሴትዮ አገኘች። ደወለችላት። ሴትዮዋም ጠይቃ ጠይቃ፣ በመጨረሻ ቤተሰቡን ሳላይ ቡችላ አልሰጥም፣ ቤተሰቡ ይምጣ አለች።

እስቲ ፍረዱ። አንዲት ሴት የቤቷን ልጅ ተጠይቃ ቤተሰቡ ይምጣ ካለች፣ እኛ ምን እናደርጋለን? ሽማግሌ እንልካለን እንጂ ሌላ ምን እናደርጋለን?

ጋሽ ተሰማ ጋ ደወልኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ከተጋባው ሰው ግማሹን የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። “የማን ልጅ ናት?” አሉኝ። ውሻ ናት ጋሼ አልኳቸው። ቆይተው፣ “እናት አላት?” አሉ። አላት። “አባቷስ ይታወቃል?” አሳምሮ ይታወቃል አልኳቸው። “እንግዲያው እንሄዳለን” አሉ። ትንሽ ቆየት ብለውም ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር እንደማይሄድ አሳሰቡኝ። ጋሼ፣ እኔ ሹፌሩ ነኝ አልኳቸው፤ በዚህ ተስማማን።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ልብሳችንን ለብሰን፣ ጋሽ ተሰማ ከላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጌታሁንን ሦስተኛ አድርገን የ880ን አውራ ጎዳና ተያያዝነው። ቤቲ ከኋላ ወንበር ሹራቧን አፍንጫዋ ድረስ ስባ፣ “ዳድ፣ ፕሊስ፣ ጋሽ ተሰማ መኪና ውስጥ ይቆዩ” ትለኛለች። ጋሽ ተሰማም፣ “ምን አለች ልጅቷ?” ይላሉ። እርስዎን በማየቷ ደስ ብሏታል እላቸዋለሁ።

ሊንዳ በሩን ስትከፍት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሦስት ወንዶች ቆመዋል። ደንገጥ ብላ፣ “ከካውንቲ መሥሪያ ቤት ናችሁ? ፈቃዴ ግድግዳው ላይ ነው” አለች። እውነትም ግድግዳው ላይ አለ፣ በመስታወት ተደርጎ። ይህንን ስናይ ጌታሁን በጆሮዬ፣ “የእኔው ሰውዬ የመኪና ታርጋም አልነበረው” አለኝ።

ተቀመጡ አለችን። ጋሽ ተሰማ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ቤቲ ምን ብላ ትተርጉመው? “መቆም ይወዳሉ” አለቻት በእንግሊዝኛ። ሊንዳ ኩኪስ አቀረበች። መልስ ሳናገኝ አንቀምስም አሉ ጋሽ ተሰማ። ይህኛውን ቤቲ “አልራባቸውም” ብላ ተረጎመችው። ሴትዮዋ ግን ብልህ ናት፤ ነገሩ ተራ ግብይት እንዳልሆነ ገባት መሰለኝ፣ እሷም አልተቀመጠችም። ስድስታችንም፣ እናትየዋን ውሻ ጨምሮ፣ ቆመን ቀረን።

እናትየዋ ከቤት ውስጥ፣ ከንጹሕ ምንጣፍ ላይ ልጆቿን ትታ ተነሥታ የመጣች ጥቁር ላብራዶር ናት። የጋሽ ተሰማን ጫማ አሸተተችና እግራቸው ሥር ተጋደመች። “እናትየዋ ተስማምታለች” አሉ።

ግድግዳው ላይ ደግሞ የዘር ሐረግ ተሰቅሏል፤ እናት፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ሁሉም በየስማቸው። ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አወጡ። ጣታቸውን እያስኬዱ አዩና ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሯል ወይ፣ ዝምድና የለም ወይ ብለው ጠየቁ። ይህንን ቤቲ በደንብ ተረጎመችው። ሊንዳም፣ ሰው ሁሉ መጥቶ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለሙና መቼ እንደሚወስድ ነው፣ ይህንን የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም አለች። ከዚያ በኋላማ አፏ ተፈታ። የቅርብ ዘመዳሞች እንዳይገናኙ ወደ ላይ እየቆጠረች እንደምታጣራ፣ ሳይገናኙ በፊት የሁለቱም ዳሌ ራጅ፣ ዓይናቸውና ልባቸው እንደሚታይ፣ እናትየዋም ወልዳ ወዲያው እንደማትደግም፣ በደንብ እንደምታርፍ ነገረችን። እኔ በልቤ፣ ይቺ ሴት የእኛን ሥርዓት ከየት ተማረችው አልኩ።

አሁን ተጠያቂው እኔ ሆንኩ። ቀን ቤት ውስጥ ማን አለ? ባለቤቴ አስቴር አለች፣ ሥራዋ ሌሊት ነው። አጥሩስ? ወገቤ ድረስ። ብትታመም? አሳክማለሁ። እንደዚህ ደረቴን ነፍቼ ስመልስ ቆይቼ፣ የት ታድራለች አለችኝ።

ይህችንማ ተዘጋጅቼባታለሁ። ውጭ ነዋ አልኩ። በገዛ እጄ የእንጨት ቤት፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ በሩ አጠገብ እሠራላታለሁ፤ ሌባ በሰፈሩም አያልፍ።

ሊንዳ የያዘችውን የቡና ስኒ አስቀመጠች። ረጋ ብላ አጭር ነገር ተናገረች። ቤቲ አልተረጎመችም። ዓይኗ ሞልቶ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔም ሳይተረጎምልኝ ገባኝ። የእሷ ልጆች ውጭ አያድሩም፤ ውጭ ለሚያሳድር አትሰጥም።

የጨነቀኝን ጭንቅ እመቤቴ ታውቃለች። በአንድ በኩል ቃል የገባሁላት ልጅ አለች። በሌላ በኩል ደግሞ ስዕለ አድኅኖ ተሰቅሎ፣ ጠዋት ማታ ጸሎት በሚደረስበት ቤት ውሻ ሲያድር የት ታይቷል? ጋሽ ተሰማ ይህን ጊዜ ጋቢያቸውን መልሰው ደረቡና፣ “እንመካከር፤ አንድ አፍታ ይፈቀድልን” አሉ። ወጥተን የሎሚ ዛፍ ሥር ቆምን።

“የጸሎት ቦታህ የት ነው?” አሉኝ። መኝታ ቤቴ፣ በምሥራቅ በኩል አልኩ። “በር አለው?” አለው። “ታዲያ በሩን ዝጋና ሳሎን ትደር። ኖኅ ከአንበሳ ጋር በአንድ ጣራ አድሯል፤ አንተ ከቡችላ ጋር ብታድር ምን ትሆናለህ?” ልከራከር አፌን ስከፍት ጌታሁን መሬት መሬት እያየ፣ “የእኛም ሳሎን ነበር የሚያድረው” አለ። እሺ አልኩ።

ተመልሰን ገባን። ጋሽ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠርገው ልጅቷ ሳሎን እንደምታድር፣ ወደ ጸሎቱ ክፍል እንደማትገባ፣ ይህንንም እሳቸው ራሳቸው እየመጡ እንደሚያዩ አስታወቁ። ቤቲ ቃል በቃል ተረጎመች። ሊንዳ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ።

የምትጮኸውን፣ ወንድሞቿን የምትነክሰውን ስጪኝ አልኳት። መራጩ አንተ አይደለህም አለችኝ። የሁሉንም ጠባይ ከተወለዱ ጀምሮ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ለዚህች ልጅ የምትሆነው ይቺ ናት ብላ ደረቷ ላይ ነጭ ያለባትን ዝምተኛ አንሥታ ቤቲ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠች። ቡችላዋ ከሹራቧ ውስጥ ገብታ ተኛች። ያውም ለዛሬ ለማየት ብቻ ነው፤ ከእናቷ ለመለየት ጊዜዋ ገና ነው ተብሎ ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው። ደግሞ ወረቀት አስፈረመችኝ፦ በማንኛውም ምክንያት ማሳደግ ካልቻልን፣ ያረጀችም ብትሆን፣ ለሌላ መስጠት የለም፤ ተመልሳ የምትመጣው ለእሷ ነው።

መልስ ስለተገኘ ተቀመጥን። ኩኪሱ ድጋሚ መጣ። ጌታሁን እጁን ሲሰድ ጋሽ ተሰማ ቅቤ አለው ወይ አሉ፤ ጾም ነበር። ሴትዮዋ ቅር እንዳይላት ቤቲ ፈጠን ብላ “ቪገን ናቸው” አለች፤ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አይበሉም ማለቷ ነው። ሊንዳ ሮጣ ሄዳ የተላጠ ካሮት ይዛ መጣች፣ በልተን አመሰገንን። ካሮቱ የውሾቹ እንደነበር፣ ከማቀዝቀዣው ስታወጣ በዓይኑ ያየው ጌታሁን የነገረን መኪና ውስጥ ነው። ዛሬ ውሻችን ኩኪ የምትባለው ሳንበላው በቀረነው ኩኪስ ነው።

ቤት ስገባ አስቴር ለሌሊት ሥራ ልብሷን እየቀየረች ነው። ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፤ የጥያቄውን ብዛት፣ የሎሚውን ዛፍ፣ ወረቀቱን። በዕድሜዬ ተፈትኜ ሳልፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው አልኳት። ሰምታ ሰምታ፣ “አባዬ ለሽማግሌዎችህ ያቀረበላቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር” አለችኝ። “ይጾማል ወይ አላቸው። ይጾማል አሉት። በቃ፣ ሰጠኝ። የት እንደማድር አልጠየቀም፣ ቀን ቤት ማን እንዳለ አልጠየቀም፣ ካልተስማማት መልሳት የሚል ወረቀትም አላስፈረመህም። ይህን ሁሉ ዓመት ሳትመረመር ኖረህ፣ ይኸው በውሻ ምክንያት ተመረመርክልኝ።”

ታዲያ አለፍኩ አይደለም እንዴ አልኳት፣ ደረቴን እንደነፋሁ።

ቦርሳዋን አንሥታ በሩን እየከፈተች፣ “እሱ ለውሻዋ ነው” አለችኝ። “የእኔ ጉዳይ ገና እየታየ ነው።”